ዙሯን ልጨርስ

የመጀመሪያውን የዳንቴል ኪሮሽ የሠራሁት ከእናቴ ጃንጥላ ዘንግ ነው። ጃንጥላውን ከዳሞታ ተራራ የሚወርድ ነፋስ አንድ ቀን ገልብጦት አንዳንድ ዘንጎቹ ተሰብረው ነበር፤ እናቴ «ይጠገናል» ብላ ከበሩ ኋላ አቆመችው። አልተጠገነም። ከተሰበሩት ዘንጎች አንዱን ነቅዬ፣ ጫፉን በትንሽ ሞረድ እየሞረድኩ ክር የሚይዝ መንጠቆ አወጣሁለት። አንገቱ ሻካራ ስለነበረ ክሩን ይቧጭረው ነበር። በአሸዋ ወረቀት፣ ከዚያ በአመድ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ እያሸሁ አለሰለስኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጃንጥላው ራሱ ሊጠገን ይችል እንደነበር አላሰብኩትም። እናቴ የዚያን ክረምት ላስቲክ ተከናንባ ሥራዋ ትሄድ ነበር።

የምንኖረው ሶዶ ውስጥ፣ ከተማው አልቆ የእንሰቱ ጓሮ በሚጀምርበት ዳርቻ ነው። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ታላቅ እህቴ ቦዲቲ አግብታ ትኖራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት። እኔ ጠዋት ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስለዚህ የቤቱ ሥራ የእኔ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አልመደበኝም፤ እሷ ከቀን ሙሉ መወልወል በኋላ ደክሟት ስትገባ ሌላ ወለል እንዳይጠብቃት ብዬ ራሴ የጀመርኩት ነው። ዕቃ ማጠብ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጎደሬ መቀቀል፣ ልብስ ማስጣት። ከሁሉም በላይ ውሃ። ወደ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል። አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ። ሳሉ እንደተሰማ ባልዲ ይዞ መሮጥ ነው።

ዳንቴል ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን፤ አያታቸው ድሮ ከሰሜን ለሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። አንድ ቀን የተቀደደ የትሪ ልብስ ሊጥሉ ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። ቤት ገብቼ ከጫፉ ጀምሬ ፈታሁት፤ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱ ቀለበት ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ እያየሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ ያየሁትን ወደ ኋላ እየመለስኩ እንደገና ሠራሁት። የሠራሁትን ለእሳቸው ባሳያቸው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ወንድ ልጅ ዳንቴል ሲሠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

«ይቅርብኝ እንዴ፣ እማማ?»

«ለምን ይቀራል? ሸማውንስ የሚሠራው ወንድ አይደል? ግን አላልተኸዋል። ዳንቴል ነው ወንፊት?»

ከዚያ በኋላ አላላላሁም። እንዲያውም ሰው የማያያትን ስህተት ለማረም ብዙ ሥራ መልሼ እፈታለሁ። አንድ ቀዳዳ ከዘለልኩ፣ ከላይዋ የተሠራው ሁሉ ቢያምርም፣ እሷ እዚያ እንዳለች እያወቅሁ መቀጠል አልችልም። በሳፋ ውስጥ ሳህን ላይ የደረቀ ሽሮ ግን ሳየው አልፈዋለሁ። ይህን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። ጥንቃቄዬን የቱ ጋ እንደማውለው የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እናታችንን የምንጠራት «አዬ» እያልን ነው። በወላይትኛ እናት እንደዚያ ትጠራለች። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከመንገድ ላይ ሲሰማን ያዘንን ይመስለዋል። ቤት ውስጥ የምንናገረው ወላይትኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ንግግርም ካልገለጽኩ በቀር በወላይትኛ የተባለ ነው። የእናቴ አማርኛ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው። ወንድና ሴት ይቀላቀልባታል፤ «ውሃው መጣች» ትላለች፣ «አለቃው ጠራችኝ» ትላለች። አክብሮት ላይ ግን አትሳሳትም። «ይግቡ»ን፣ «ይለፉ»ን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ»ን አንድ ፊደል ሳታጎድል ነው የተማረችው፤ ስህተት የሚያስከፍላት እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ጊዜ የቤት ቁልፍ ልቀበላት መሥሪያ ቤቷ ሄጄ ነበር። በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከአንድ የተከፈተ በር ፊት፣ ባልዲዋንና መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። ውስጥ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን ያያል። «ሥራዎን ይጨርሱ። ቆይቼ እመለሳለሁ» አለችው በአማርኛ። ሰውዬው ቀና አላለም። እሷም ቆይታ አልተመለሰችም፤ እዚያው ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። እኔን ስታይ ፈገግ አለችና በወላይትኛ «ምሳ እስኪወጣ ነው» አለችኝ።

እኔም ቤት ውስጥ የምናገራት አንዲት አማርኛ ነበረችኝ። እናቴ ስትጠራኝ፣ ኪሮሹ እጄ ላይ ካለ፣ «ዙሯን ልጨርስ» እላታለሁ።

የክብ ዳንቴል ከመሃል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ ነው የሚሄደው። ዙር ሳይዘጋ ማቋረጥ አይመችም፤ ቀለበቷ ክፍት ትቀራለች፣ ሰው ልብሱ ነካክቶት ካለፈ ይተረተራል። ስለዚህ ልመናዬ እውነት ነበረው። ግን «ዙሩን ልጨርስ» ማለትም እችል ነበር። «ዙሯን» ስል ነገሩ ትንሽ ይሆናል፤ ሰው ስለ ቡችላ ወይም ስለ ሕፃን ጫማ ሲያወራ እንደሚለው ነው። ዙሯ የምታሳሳና የማትቆይ ትመስላለች። በወላይትኛ ብናገር ይህን ዘዴ ስለማላውቀው ነው አማርኛውን የመረጥኩት፤ ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ክብ እየሰፋ ሲሄድ እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ይረዝማል። መሃሉ አካባቢ እናቴ የጫማዋን ማሰሪያ ሳትፈታ አንድ ዙር አልቆ ይዘጋል። ሥራው የትሪ ያህል ሲሆን አንድ ዙር ሽንኩርት ተልጦ እስኪከተፍ ይፈጃል። የጠረጴዛ ያህል ሲሆን ጎደሬ ተጥዶ፣ በስሎ፣ ይቀዘቅዛል። የምላት ቃል ግን ያው ነው፤ ዙሯን ልጨርስ። እናቴ ዳንቴል አትሠራም። አንድ ዙር ሁልጊዜ አንድ ያህል መስሏት ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ እንዲያ እንዲመስላትም ፈለግሁ። መጀመሪያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። በኋላ ቁጭ ብላ መጠበቅ ጀመረች። ከዚያ መጠበቁን ተወችና ሊሠራ የነበረውን ራሷ ትሠራው ጀመር፤ እኔ ቀና ስል ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ገብታ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ በእጄ ያለውን ለረጅም ጊዜ አየችው። የሚሠራው የጠረጴዛ ልብስ ነበር፤ የዱንጉዛን፣ የወላይታን የባህል ልብስ፣ ቀለማት ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ በየዙሩ አፈራርቄበታለሁ።

«ዙርህ አድጓል» አለችኝ።

«እ?»

«ዙርህን ነው የምልህ። በፊት አጭር ነበረ።»

ያልገባኝ መሰልኩ። «ክሩ ቀጭን ሆኖ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ግን የጠየቀችውም እሱን አልነበረም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ለግፋታ ሙቿ የሚሆነው ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንዲያገኝ እንሰቱ መፋቅ ነበረበት። ግፋታ የእኛ አዲስ ዓመት ነው፤ ሙቿውም ቆጮው ተጋግሮ፣ ተፈርፍሮ፣ በቅቤ የሚታሸው ነው። ያለ ሙቿ ግፋታ አይባልም፤ በዚያ ላይ የእናቴ ዘመዶች ከጉኑኖ ሊመጡ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እናቴ ስለዚህ ብዙ አልተናገረችም። ግን ግድግዳውን ራሷ ለቅልቃው ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ወለል ስትወለውል ከዋለች በኋላ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ከቦዲቲ መጣች። ሁለቱ ጓሮ ገቡ። እኛ አካባቢ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ግንዱን ከጣውላ ጋር በእግራቸው ደግፈው ነው የሚፍቁት፤ ወንድ እዚያ መቆሙ ነውር ነው። ይህን ልማድ ሌላ ጊዜ አላስታውሰውም። የዚያን ዕለት በደንብ አስታወስኩት። የእኔ ድርሻ ሁለት ነገር ነበር፤ እንጨት መፍለጥና፣ ውሃ ከመጣ በርሜሉን መሙላት። በርሜሉ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እነሱ ሲጨርሱ ደግሞ እጅ፣ እግር፣ ጣውላ፣ ልብስ፣ ሁሉም መታጠብ አለበት።

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ቢጫው ዙር ላይ ነበርኩ። ከጓሮ የእህቴ ድምፅ መጣ።

«አንተ! እንጨቱ ተፈለጠ?»

«እፈልጠዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዙሯን ልጨርስና።»

ሳቀች። «አዬ፣ ሰማሽ? ልጅሽ እንሰት የሴት ሥራ ነው ብሎ ሸሽቶ ዳንቴል ይሠራል።»

«ተዪው፤ እጁ ሥራ ይወዳል» አለች እናቴ።

«ሥራ መውደድማ ይወዳል። እርጥብ ነገር ነው የሚጠላው።»

ትንሽ ቆይታ ቢላ ልትወስድ ስትመጣ አጠገቤ ቆመች። እጇ እስከ ክርኗ በእንሰቱ ፈሳሽ ነጥቷል፤ ልብሴን እንዳትነካ ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያ ማንም ሲመጣ ጥራኝ፤ ልየው» ብላ ሄደች።

ቧንቧው ያሳለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰምቼዋለሁ። ሥራ ላይ ስሆን ጆሮዬ ይደፈናል እያልኩ ብዙ ጊዜ አመልጣለሁ፤ የዚያን ቀን ግን መጀመሪያ ሲያስል፣ ከዚያ ሲተፋ፣ ከዚያ ባዶው ሳፋ ላይ ሲንጣጣ በግልጽ ሰምቼዋለሁ። ቀዩ ውሃ እስኪያልፍ ዙሩ ይዘጋል ብዬ አሰብኩ። ቀዩን ቀድቼ ምን አደርገዋለሁ? ሐሳቡ አስተዋይ መስሎኝ ነበር። ከዙሩ ትንሽ ሲቀር አንድ ቀዳዳ ዘልዬ እንደመጣሁ አየሁ። ብዙ ወደ ኋላ ነበር። እዚያው ላይ መተው ነበረብኝ። ፈታሁት። እስከዚያች ቀዳዳ ፈትቼ፣ እሷን አስገብቼ፣ እንደገና ዞርኩ። ዙሩን ስዘጋ እጅግ ያምር ነበር። ቀና ስል ግቢው ጸጥ ብሏል።

ባልዲ ይዤ ስደርስ ቧንቧው ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ባልዲውን ከሥሯ አድርጌ ቆምኩ። ሰው ቢያየኝ የምቀዳ ይመስለው ነበር።

ሁለቱ ከጓሮ ሲመጡ ፊታቸው ላይ ሳይቀር የእንሰት ፍንጣሪ ነበረ። ፈሳሹ ሲደርቅ እጅ ላይ ይጠቁራል፣ ቆዳም ይወጥራል። እህቴ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋ ከበርሜሉ ውስጥ መጣ።

«ውሃ አልመጣም እንዴ?»

አልመጣም ማለት እችል ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ዞሮ የሚያጣራ የለም።

«መጥቶ ነበር» አልኩ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ አፏን ከፈተች። እናቴ፣ እጇ ቆሻሻ ስለሆነ፣ በክርኗ ነካ አደረገቻትና ዝም አሰኘቻት። ከዚያ ጀሪካኑን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ቧንቧ ሲጠፋ ወደምንቀዳበት ወደ ታችኛው ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሄደች። ሮጬ ደረስኩባት።

«አዬ፣ ስጪኝ። እኔ ልሂድ።»

ቆመች። ፊቴን አላየችም፤ እጄን ነው ያየችው። ኪሮሹ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

«ሥራዎን ይጨርሱ» አለችኝ። «ቆይቼ እመለሳለሁ።»

በአማርኛ ነው ያለችው። ምንም ስህተት አልነበረበትም። ድምፅዋም አልተቆጣም፤ በዚያ ኮሪደር የሰማሁት ድምፅ ነው፣ እሱው ራሱ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እህቴ ከኋላዬ ደርሳ «በአማርኛ ነው የተናገረችህ?» አለች። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሂድ እንጂ።»

ሌላ ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። መንገዱ ዝናብ የበላው፣ ጠባብና የሚያዳልጥ ነው። መሃል ላይ ሞልታ ስትመለስ አገኘኋት፤ ጀሪካኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ትወጣለች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ጥግ ይዛ ቆመችና መንገዱን ለቀቀችልኝ። «ይለፉ» አለችኝ። ጀርባዋ ላይ ያን ሁሉ ተሸክማ፣ ባዶ ጀሪካን ለያዝኩት ለእኔ። አለፍኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አማርኛ ሆነ። «ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ።» «በሩን ይዝጉልኝ።» ጎረቤታችን እማማ ከአጥሩ ወዲያ ሰምተው ኖሮ አንድ ቀን ጠሩኝ።

«የእናትህ አማርኛ ተሻሻለሳ። ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም።»

«በምንም እንደዚህ አይሻሻልም» አሉ።

ዳንቴሉን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። እንጨቱን ፈለጥኩ፣ ቆለልኩ። ውሃ በመጣ ቁጥር ቀዩንም ሳይቀር ቀዳሁ። ሳህን ሳጥብ ጀርባውን ሁሉ አጠብኩ። እናቴ ይህን ሁሉ አይታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች፤ እንግዳ ሰው ወንበር ሲለቅላት እንደምትለው። ያኔ የገባኝ፣ ሥራው መሠራቱ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ለካ በየቀኑ በር ላይ አቁሜያታለሁ። እዚያ ሰውዬው ቀና አላለም ብዬ የታዘብኩት እኔ፣ ቤቴ ስትገባ ቀና አላልኩላትም።

አንድ ከሰዓት ዳንቴሉን ከፌስታሉ አውጥቼ ልፈታው ተቀመጥኩ። ሁሉንም እስከ መሃሉ ልፈታው ነበር ያሰብኩት። ቢጫው ዙር ሲያልቅ ግን እጄ ቆመ። የተፈታው ክር ተጠቅልሎ ተኛ፤ እያንዳንዷ ቀለበት የነበረችበት ቦታ ላይ መታጠፊያዋ ቀርቷል፣ ጎትቼ ባቃናውም ይመለሳል። ውሃውን ያስቀረብኝ ይህ ዙር ብቻ ነው ብዬ ሌላውን ተውኩት። ይህም ለራሴ ማድላት ይሆናል። ሌሎቹ ዙሮች ያስቀሩት ሳህንና ወለል ነው።

ግፋታ ሲቃረብ እናቴ የቆጮውን ጉድጓድ የሸፈነውን ኮባ ገለጠች። ቆጮው ወጥቶ፣ ተጨምቆ፣ ቃጫው በቢላ እየተከተፈ መለቀም ነበረበት። እህቴ ያን ሳምንት አልመጣችም። እናቴ ብቻዋን ጓሮ ስትቀመጥ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ልርዳሽ?»

ቀና ሳትል «ወንድ አይጠጋም» አለች፤ በአማርኛ አልነበረም። እኔ ግን ልብ ያልኩት መልሴን ከሰጠሁ በኋላ ነው።

«ዳንቴልም ወንድ አይሠራም።»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ድምፅ ሳታሰማ እየሳቀች ነበር። «በል ያንን ኮባ ወዲህ አድርገው» አለችኝ።

ኮባውን አቀረብኩና ተቀመጥኩ። ቆጮውን ጣውላው ላይ ዘርግታ በረጅሙ ቢላ እየከተፈች፣ ቃጫ በቃጫ ስትለቅም አያለሁ። እኔም እየለቀምኩ ጠራ ብዬ ወደ ጎን ካደረግሁት ላይ እንደገና ትወስድና ገና ብዙ ታወጣበታለች። መሃል ላይ ጎረቤታችን እማማ ከአጥሩ ወዲያ ጠሯት። እጇን ታጥባ ሄደች፤ ተመለሰች። ስልክ ጮኸ፤ እጇን ታጥባ አነሳች። ዶሮ ቤት ገባ፤ ተነሳች። በተነሳች ቁጥር ቆጮውን በኮባ ትሸፍነዋለች፣ ስትመለስ ከተወችበት ትቀጥላለች። የእሷም ሥራ ሳይቋረጥ ቢሠራ ይሻላል። ይህን ልጨርስ ስትል ግን በሕይወቴ ሰምቼያት አላውቅም።

የጉኑኖ ዘመዶቻችን መጥተው፣ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። እነሱ ከመግባታቸው በፊት እናቴ ባዶውን ጠረጴዛ አየችና «ያ ጨርቅህ የት አለ?» አለችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ስትዘረጋው በጣቷ ጫፉን ዞረችው።

«እዚህ ጋ ቢጫ ነበር። የት ሄደ?»

«ፈታሁት።»

«ለምን?»

የሙቿውን ሳህን አንስቼ አቀበልኳት። ጨርቁን አቃንታ ሳህኑን መሃሉ ላይ አስቀመጠችው። ከዘመዶቻችን አንዷ ጫፉን እያሻሸች ከየት እንደገዛነው ስትጠይቅ «ልጄ ነው የሠራው» አለች። ዓይኗን ለማየት አልደፈርኩም።

የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ እሷ ከጸሎት ቤት ተመልሳ ጓሮ ሳለች፣ ቢጫውን ክር አወጣሁ። መታጠፊያው አልለቀቀም፤ ቢሆንም በእሱው ጀመርኩ። ከግማሽ በላይ ዞሬ ነበር ቧንቧው ሲያስል። ዳንቴሉን ወንበሩ ላይ ጣልኩት። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ድስቱን ሳይቀር ሞላሁ፤ በርሜሉ አፉ ድረስ ደርሶ እግሬ ላይ እስኪፈስ አላቆምኩም።

ስገባ ኪሮሹ ቀለበቷን ለቆ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ቀለበቷ ግን አልተረተረችም። በውስጧ የቃጫ ክር አልፎ፣ ተጠምዝዞ፣ ታስሯል። ቋጠሮው እናቴ የቆጮ ጥቅል ስታስር የምታስረው ነው፤ ውሃ ስቀዳ ገብታ ኖሯል። ክፍት ቀለበት መያዝ እንዳለበት ማንም አልነገራትም። ያወቀችው ቆማ ስትጠብቀኝ፣ ከዚያም ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ይሆናል፤ እኔ ቀና ባላልኩባቸው ጊዜያት ሁሉ እሷ እጄን ታይ ነበር። እኔ እጇን ያየሁት፣ ቃጫ ስትለቅም፣ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቋጠሮውን ልፈታው ሞከርኩ፤ ጠንካራ ነው፣ መቆረጥ አለበት።

«አዬ!» ብዬ ተጣራሁ። «ቃጫውን ልቁረጠው?»

ከጓሮ የሽንኩርት ቅርፊት ስትጥል ይሰማኛል። ከዚያው ሆና መለሰችልኝ።

«ዙሯን ጨርስ።»

በአማርኛ ነው። ድምፅዋን ለማጥናት ቆምኩ። እንደ በፊቱ አክብራ አልገፋችኝም፤ አንተ ብላኛለች። «ዙሯን» ያለችው ትንሽ አድርጋልኝ ነው፣ እኔው ያስለመድኳትን ቃል እየመለሰችልኝ ነው፣ ወይስ ወንድና ሴቱ እንደ ሁልጊዜው ተቀላቅሎባት? ከእሷ አማርኛ ይህን መለየት አይቻልም። ልጠይቃትም አልቻልኩም።

ኪሮሹን ከወለል አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጓሮ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሽንኩርቱን ከእጇ ወሰድኩ። ቢላውን እጀታውን ወደ እኔ አዙራ ሰጠችኝ። ቃጫው እስካሁን እዚያው ታስሯል፤ ቢጫው ዙርም አልተዘጋም።